የብር መልክና የብር ዋጋ
(በሬዲዮ ከተነገረ የታሪክ ንግግር የተወሰደ)

ሁለት የብር ገንዘቦች በአንድ ሚዛን ላይ ቢቀመጡ፣ ክብደታቸው እኩል፣ የብርነታቸው ጥራት እኩል፣ የተቀረጸባቸውም ዓመት አንድ ቢሆን፣ አንዱ ከሌላው አብልጦ የሚሸጠው ስለ ምንድን ነው? ይህ በየአገሩ የቀድሞ ዘመን ገንዘብ የሚሰበስቡ ሰዎች ዛሬ የሚከራከሩበት ጥያቄ ነው። መልሱንም ሲሰጡ «የዐይን ግባት» ይላሉ፤ ይኸውም ገንዘቡ በመጀመሪያ ሲታይ በተመልካቹ ልብ ውስጥ የሚያሳድረው ደስታ ማለት ነው።

ነገሩ ለሰሚው እንግዳ ቢመስልም ለአገራችን እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን በገበያ ላይ ብርን በዐይናቸው ሲመረምሩ፣ ጉድለት ያገኙበትን ሲመልሱ፣ ፊቱ የጠራውን ሲቀበሉ ብዙ ዘመን ኖረዋል። በተለይም ከሚዛን ተፈሪ እስከ ሸኮና እስከ ቴፒ በተዘረጋው የቡና አገርና በአካባቢው የገንዘብ ታሪክ ቢመረመር፣ የብር መልክ ከብር ዋጋ ጋር ምን ያህል የተሳሰረ እንደ ሆነ በግልጥ ይታያል። ስለዚህ በዛሬው ንግግራችን ይህን ታሪክ ከመሠረቱ አንሥተን እንመለከታለን፤ በመጨረሻም ከታሪኩ የሚገኘው ትምህርት ዛሬ በየቤታችን ሣጥን ውስጥ ላለው አሮጌ ብር ምን እንደሚጠቅም እናስረዳለን።

ገንዘብን ለዐይን ደስ እንዲያሰኝ አድርጎ መሥራት በአገራችን የጀመረው በአክሱም ዘመን ነው። የአክሱም ነገሥታት ከሦስተኛው ምእተ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ እስከ ሰባተኛው ምእተ ዓመት መጀመሪያ ድረስ በወርቅ፣ በብርና በመዳብ ገንዘብ አሠርተዋል። ከእነርሱም ውስጥ በስሙ ገንዘብ በማሠራት የመጀመሪያው ሆኖ የሚታወቀው ንጉሥ እንዱቢስ ነው። የአክሱም ባለ እጆች ከሌላው ዓለም የሚለዩበት አንድ ጥበብ ነበራቸው፤ ይኸውም በብርና በመዳብ ገንዘብ ላይ፣ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወይም በመስቀሉ መካከል፣ ስስ ወርቅ መለበጥ ነው። ትንሿ የመዳብ ገንዘብ በደሀው እጅ ስትገባ በመካከሏ የወርቅ ብልጭታ ይታይባት ነበር።

ይህ ልብጥ የገንዘቡን ክብደት ያን ያህል አልጨመረም። ነገር ግን ክብሩን ጨምሯል። በአራተኛው ምእተ ዓመት ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን በተቀበለ ጊዜ ቀድሞ በገንዘቡ ላይ የነበረው የጨረቃና የክብ ምልክት ተነሥቶ በምትኩ መስቀል ገባ። ከዚያ ወዲህ በወጡት የመዳብ ገንዘቦች ላይ በግሪክ ፊደል የተጻፈው ቃል ሲተረጐም «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» ማለት ነው። ልብ ብላችሁ ተመልከቱ፤ ገንዘቡን ያሠራው መንግሥት ራሱ ሕዝቡ በገንዘቡ ደስ እንዲለው መመኘቱን በገንዘቡ ላይ አስጽፏል።

የአክሱም ገንዘብ ከቀረ በኋላ ብዙ ምእተ ዓመታት አለፉ። በእነዚያም ዘመናት ለመገበያያ ካገለገሉት ነገሮች ዋነኛው አሞሌ ጨው ነበር። አሞሌው ከአፋር የጨው ሜዳ ተጠርቦ፣ በአጋሰስና በሰው ትከሻ ተጭኖ፣ ተራራውንና ቆላውን አቋርጦ እስከ ከፋና ከከፋም ወዲያ ይደርስ ነበር። ከምንጩ በራቀ መጠን ዋጋው እየናረ ይሄዳል፤ በሰሜን በአንድ ብር የሚገኘው የአሞሌ ቍጥር በደቡብ ምዕራብ እጅግ ያንሳል።

አሞሌም ቢሆን በዐይን የሚመረመር ገንዘብ ነበር። ጠርዙ ያልተሸረፈ፣ ወገቡ ያልተሰበረ፣ በልጥ የታሰረበት ማሰሪያ ያልላላ አሞሌ በሙሉ ዋጋው ይሄዳል። የተሸረፈው ግን ይናቃል፤ ወይም ገንዘብነቱ ቀርቶ ለወጥ ማጣፈጫ ይሆናል። ዝናብ በሚበዛበት በደቡብ ምዕራብ አገር ጨውን ሳይሟሽሽና ሳይሰበር ማቆየት ቀላል ሥራ አይደለም። ስለዚህ ሙሉ አሞሌ ማለት ጨው ብቻ ሳይሆን የነጋዴው ጥንቃቄ የሚታይበት ዕቃ ነበር። ገዢውም ዋጋ የሚሰጠው ለጨውነቱ ብቻ ሳይሆን ጕዳት ሳያገኘው ለደረሰው መልኩ ጭምር ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው የማርትሬዛ ብር ወይም ሕዝቡ እንደሚጠራው ጠገራ ብር ነው። የኦስትሪያ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1717 ተወልዳ በ1780 ሞተች። እርሷ ከሞተች በኋላ የብሯን መልክ መለወጥ ለንግድ የማይበጅ ሆኖ በመገኘቱ፣ ያው መልክና ያው 1780 የሚለው ዓመት እንዳለ ሆኖ መታተሙ ቀጠለ። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ሲሆን ከ1,000 እጅ 833 እጁ ጥሩ ብር ነው። ኦስትሪያ ራሷ በአገሯ ውስጥ በዚህ ብር መገበያየትን እ.ኤ.አ. በ1858 አቁማለች፤ ሆኖም በቀይ ባሕር ግራና ቀኝ ያለው ሕዝብ ስለሚፈልገው ለንግድ መታተሙ አልቀረም።

የዚህ ብር መልክ ለብዙዎቻችሁ የታወቀ ነው። በአንድ ወገን ባሏ ከሞተባት በኋላ የሻሽ መሸፈኛ ያደረገችው ንግሥት ትታያለች፤ በራሷ ላይ ዘውድ መሰል ጌጥ፣ በትከሻዋ ላይ ዘጠኝ ዕንቍ የተደረደረበት ቅንፍ አለ፤ ከደረቷ በታችም ሁለት የላቲን ፊደላት ተቀርጸዋል። በሌላው ወገን ሁለት ራስ ያለው ንስር አለ። በጠርዙም ዙሪያ ስለ ፍትሕና ስለ ምሕረት የሚናገር የላቲን ቃል ተቀርጾበታል፤ ጠርዙ የተጻፈበት ስለ ሆነም አታላይ ሰው ብሩን ዙሪያውን ፍቆ ጥቂት ብር ሊሰርቅ ቢሞክር ወዲያው ይታወቅበታል።

በ19ኛው ምእተ ዓመት ወደ አገራችን የመጡ ተጓዦች በጽሑፋቸው ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ነገር ቢኖር የኢትዮጵያ ባለገበያ ብርን የሚመረምርበትን ጥንቃቄ ነው። ሻጩ ብሩን ተቀብሎ ያገላብጣል፤ በራስ ጌጡና በትከሻው ቅንፍ ላይ ያሉትን ዕንቍዎች ያያል፤ ከሥር ያሉት ሁለት ፊደላት መጥራታቸውን ይመለከታል። አንደኛው ምልክት ከጠፋ ወይም ከደበዘዘ ብሩን ይመልሳል። ተጓዡ «ብርነቱ ያው ነው፣ ክብደቱም ያው ነው» ብሎ ቢከራከር አይሰማም። በዚህ የተነሣ የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ በዘመተ ጊዜ ለስንቅና ለአጋሰስ የሚከፍለውን የማርትሬዛ ብር በሚሊዮን እየቈጠረ ይዞ መምጣት ግድ ሆነበት፤ የራሱ አገር ገንዘብ በኢትዮጵያ ገበያ ተቀባይ አልነበረውምና።

ይህን የሻጩን አድራጎት አንዳንድ የውጭ አገር ጸሐፊዎች እንደ ግትርነት ቈጥረውታል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ባለገበያው የብሩን ንጥረ ነገር የሚፈትንበት መሣሪያ የለውም። አንጥረኛ በየገበያው አይገኝም፤ ሚዛንም በሁሉ እጅ የለም። ያለው ዐይኑና ጆሮው ነው። በዐይኑ ምልክቱን ያያል፤ በጆሮው ብሩ በድንጋይ ላይ ሲወድቅ የሚሰጠውን ድምፅ ያደምጣል። የብሩ ፊት ጥርት ብሎ መታየቱ ብሩ ያልተፋቀ፣ ያልተቀለጠ፣ ሐሰተኛም ያልሆነ ለመሆኑ ምስክር ነበር። እንግዲህ ባለገበያው በመልኩ ላይ የሚፈርደው ለውበት ሲል ሳይሆን ለእምነት ሲል ነው።

አሁን ወደ ደቡብ ምዕራብ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1897 ራስ ወልደ ጊዮርጊስ የከፋን ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾን ድል ካደረጉ በኋላ ከፋና በዙሪያው ያሉት አገሮች በማእከላዊው መንግሥት ሥር ገቡ። የጊሚራ፣ የሸኮና የማጂ አገርም ከዚህ ጋር በተያያዘው ዘመን ወደ ሰፊው ንግድ ተሳበ። እ.ኤ.አ. በ1902 በአፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተፈረመው ውል በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ተፈቀደ፤ ጋምቤላም በዚሁ ምክንያት የታወቀች የንግድ በር ሆነች። ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ ከሱዳን የሚመጡ መርከቦች ጨርቅና ጨው አራግፈው ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። በዚህ ንግድ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈው ገንዘብ ማርትሬዛ ነው።

ቡናው በሸኮና በቴፒ ጫካ ውስጥ ይለቀማል፤ በአልጋ ላይ ወይም በመሬት ላይ ይሰጣል፤ ጀንፈሉ ደርቆ በጆንያ ይታሰራል። ነጋዴው ወደ ጎሬ ወይም ወደ ጅማ የሚያደርሰውን ጕልበት ይከራያል። ብሩም በዚያው መንገድ በተቃራኒው ይመጣል። መንገዱ ሩቅ፣ ጭቃው ብዙ ነውና አንድ ብር በስሕተት ሐሰተኛ ሆኖ ቢገኝ መላሹን ሰው ዳግመኛ ማግኘት አይቻልም። ስለዚህ ገበያው ከከተማ በራቀ መጠን የሻጩ ዐይን ይበልጥ ይጠነቀቃል። በከተማ ያለው ሰው ብሩ ቢደበዝዝ ባንክ ወይም አንጥረኛ ዘንድ ይሄዳል፤ በጫካው ዳር ያለው ሰው ግን ከዐይኑ በቀር ይግባኝ የሚልበት ዳኛ የለውም።

ታሪክን የሚናገር ሰው ግን ያማረውን ብቻ ሊያወራ አይገባውም። በዚሁ ፊቱ ጥርት ባለ ብር የተገዛው ቡናና የዝሆን ጥርስ ብቻ አልነበረም። በጊሚራና በማጂ አገር የሰው ልጅ እየተፈነገለ በዚሁ ብር ተሽጧል፤ መንደሮችም ባዶ ቀርተዋል። ባርነትን ፈጽሞ የሚከለክለው አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ከዚያ አገር የተገኘ አንድ አሮጌ ብር በእጃችን ስንይዝ፣ በመልኩ ብንደሰትም በእርሱ የተገዛውን ነገር ማስታወስ ይገባናል። የብሩ ፊት ያማረ ነው ማለት በእርሱ የተደረገው ሁሉ ያማረ ነው ማለት አይደለም።

መልክ በገንዘብ ዋጋ ላይ ያለውን ኀይል ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው ግን የአፄ ምኒልክ ብር ታሪክ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ መንግሥታቸው የራሱ ገንዘብ እንዲኖረው ፈልገው በፓሪስ የገንዘብ ማተሚያ ቤት ብር አሠሩ። 1887 ዓ.ም. የተጻፈበት ይህ ብር በአንድ ወገን የንጉሠ ነገሥቱ መልክ ዘውድ እንደ ጫነ፣ በሌላው ወገን ሰንደቅ የያዘ አንበሳ አለበት። ክብደቱ ከማርትሬዛ ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ የብርነቱ ጥራትም ከ1,000 እጅ 835 ስለ ሆነ ከማርትሬዛ በጥቂቱ ይበልጣል እንጂ አያንስም። በሥራውም ቢሆን በጊዜው ከነበሩት የዓለም ገንዘቦች የማያንስ ውብ ሥራ ነው።

ሆኖም ይህ ብር በአዲስ አበባና በአቅራቢያዋ ቢዘዋወርም በሩቅ አገር ማርትሬዛን ሊተካ አልቻለም። በ1898 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክም የምኒልክን ብር ለማስፋፋት ቢሞክር በቂ ውጤት አላገኘም። እንግዲህ በሚዛን እኩል፣ በጥራት የሚበልጥ፣ በንጉሠ ነገሥቱ ስም የወጣ ብር በገጠር ገበያ ከሞተች የውጭ አገር ንግሥት ብር አንሶ ተገኘ። ምክንያቱ ምንድን ነው? የባለገበያው ዐይን ለአንድ ምእተ ዓመት የለመደው ሌላ ፊት ነበርና ነው። የዕንቍውን ቍጥር የሚያውቅ ሰው የአንበሳውን ምልክት ገና አላጠናም። ዐይን ያላወቀውን ልብ አያምነውም።

ይህንኑ ትምህርት ጣልያኖችም በኤርትራ ሳሉ በኪሳራ ተምረውታል። እ.ኤ.አ. በ1918 ማርትሬዛን ለመተካት ብለው በሮም አንድ ብር አሳተሙ። በላዩ ላይ ዘውድ መሰል ጌጥ ያደረገች ሴት አለች፤ በጀርባውም ንስር አለ፤ ከሩቅ ሲያዩት ማርትሬዛ ይመስላል። ሕዝቡ ግን አንሥቶ ባገላበጠው ጊዜ የለመደው ፊት አለመሆኑን ዐወቀና ናቀው። መምሰል መሆን አይደለም። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1935 ጣልያን አገራችንን ለመውረር በተሰናዳች ጊዜ እውነተኛውን የማተሚያ ቅርጽ ከኦስትሪያ ወስዳ ማርትሬዛን በሮም አሳተመች። ወራሪው እንኳ በባለገበያው ዐይን ፊት ተሸነፈ ማለት ይቻላል። በወረራው ዘመን በሊሬ ሊተካው ያደረገው ሙከራም ቢሆን ብሩን ከገበያ አላጠፋውም።

ከነጻነት በኋላ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ በወጣ ጊዜ መንግሥት ይህን የሕዝብ ጠባይ አልዘነጋም። ለወረቀት ገንዘብ እንግዳ የሆነው ባላገር እንዲያምነው ከወረቀቱ ጋር የ50 ሳንቲም ገንዘብ ከብር ተሠርቶ ወጣ። በላዩም ላይ የተጻፈው 1936 የሚለው ዓመት ልክ እንደ ማርትሬዛው 1780 ሳይለወጥ በኋላም ታተመበት።

በዚሁ ጊዜ የተከሠተ አንድ ነገር ደግሞ መልክ እንዴት እንደሚያታልል ያስተምራል። ከመዳብ የተሠራው የ25 ሳንቲም ገንዘብ በመጀመሪያ ክብ ነበርና በመጠን ከብሩ 50 ሳንቲም ጋር ይቀራረብ ነበር። አታላዮች በመዳቡ ላይ ብር እየለበጡ 25ቱን በ50 ሂሳብ ማስተላለፍ ጀመሩ። መንግሥትም ክቡን ሰብስቦ በምትኩ ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል የተሸነሸነ 25 ሳንቲም አወጣ። ከዚያ ወዲህ በጨለማ እንኳ ቢሆን በጣት ተዳስሶ ይለያል። ዐይን ሊታለል እንደሚችል የተረዳ መንግሥት እጅን ረዳት አድርጎ ሰጠው።

ክቡራን አድማጮቻችን፤ ማርትሬዛና የምኒልክ ብር ከገበያ ከወጡ በኋላ ወዴት ሄዱ? ብዙዎቹ በአንጥረኛ እሳት ቀልጠው መስቀል፣ አምባርና ድሪ ሆነዋል። ሌሎቹ ጆሮ ተበጅቶላቸው ወይም ተበስተው በሴቶች አንገት ላይ ተንጠልጥለዋል። የቀሩት በሣጥን፣ በገንቦና በመሬት ውስጥ ተቀመጡ። ከእነዚህም ጥቂቱ ዛሬ ወደ ሰብሳቢዎች እጅ እየገባ ነው። በዚህ ጊዜ የብሩ መልክ ሁለተኛ ሕይወት አገኘ፤ የሚፈርድበትም ሌላ ዳኛ ሆነ።

ሰብሳቢዎች የገንዘብን ይዞታ በቍጥር የሚለኩበት አንድ ደንብ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1949 ዊልያም ሼልደን የተባለ አሜሪካዊ ስለ ቀድሞ የአሜሪካ ሳንቲሞች በጻፈው መጽሐፍ ከ1 እስከ 70 የሚደርስ መለኪያ አወጣ። ፊቱ ተፍቆ ማንነቱ በጭንቅ የሚታወቀው ገንዘብ 1 ያገኛል፤ ምንም እንከን የሌለበት 70 ያገኛል፤ ከ60 በላይ ያለው ሁሉ በገበያ ያልተዘዋወረ ማለት ነው። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህም በአሜሪካ ልዩ ድርጅቶች ተቋቁመው ገንዘቡን እየመረመሩ፣ ደረጃውን እየጻፉ፣ በጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ አሽገው ለባለቤቱ ይመልሳሉ።

ሰው ሁሉ ይህ ቍጥር ክርክሩን የሚጨርስ መስሎት ነበር። አልጨረሰውም። ሁለት ገንዘቦች ያንኑ ቍጥር ይዘው ታሽገው ሳለ አንዱ በብዙ ዋጋ ሲፈለግ ሌላው ገዢ ያጣል። ይህም የሆነው ቍጥሩ እንከንን ይቈጥራል እንጂ ውበትን ሁሉ አይናገርምና ነው። አንድ ጭረት በንግሥቲቱ ጕንጭ ላይ ካረፈ የሁሉ ዐይን ወዲያው ይሄድበታል፤ ያው ጭረት በጠጕሯ መካከል ቢሆን ግን ይሰወራል። አንዱ ብር ወደ ብርሃን ሲዘነበል ብርሃኑ በፊቱ ላይ እንደ መንኰራኵር ይዞራል፤ ሌላው ደብዝዞ ይቀራል። ከዚህም የተነሣ ከመርማሪዎቹ ድርጅቶች አንዱ መልኩ እጅግ ለሚያስደስት ገንዘብ ከቍጥሩ አጠገብ የኮከብ ምልክት መስጠት ጀምሯል።

ሌላው ትልቅ ነገር የብሩ ቀለም ነው። ብር በአየር ውስጥ ካለው የዲን ንጥረ ነገር ጋር ሲገናኝ በላዩ ላይ ስስ ሽፋን ይወጣል። ሽፋኑ በቀስታ በጊዜ ብዛት የመጣ እንደ ሆነ ወርቃማ፣ ሰማያዊና ሐምራዊ ቀለም ያሳያል፤ ሲበዛ ግን ይጠቍራል። ሰብሳቢዎች በተፈጥሮ የመጣውን ያማረ ቀለም ወደው በብዙ ይገዙታል። አንዳንድ ሰዎችም ይህን ዐውቀው በመድኀኒትና በእሳት ሐሰተኛ ቀለም ያወጡለታል። ስለዚህ በሰብሳቢዎች ገበያም ቢሆን የጥንቱ ባለገበያ ጥርጣሬ አልቀረም።

ይህን ነገር ለሚዛንና ለቴፒ ሰው በቀላሉ ማስረዳት ይቻላል፤ ከቡና ምርመራ ጋር አንድ ነውና። ቡና ደረጃ ሲወጣለት በመጀመሪያ ጥሬው ይታያል፤ ፍሬው ሙሉ ነው ወይስ የተሰበረ፣ ቀለሙ ጤነኛ ነው ወይስ የሻገተ ተብሎ በዐይንና በአፍንጫ ይመረመራል። ቀጥሎ ተቈልቶ፣ ተፈልቶ ይቀመሳል። በአገራችን የደረጃ አሰጣጥ ከ100 ነጥብ 40ው ለጥሬው፣ 60ው ለቅምሻው የተመደበበት አሠራር የታወቀ ነው። በዐይን ያማረ ቡና ሁሉ በአፍ አይጣፍጥም፤ በዐይን የተናቀውም አንዳንድ ጊዜ በሲኒ ውስጥ ያስደንቃል። የሠለጠነ ቡና ቀማሽ ሁለቱን አያምታታም።

በዚያው በሸኮ አገር ስለ መልክ የሚያስተምር ሌላ ምሳሌ አለ፤ እርሱም የሸኮ ከብት ነው። ይህ ከብት ሻኛ የለውም፤ ቁመቱ አጭር፣ ቀንዱ ትንሽ ወይም ጭራሽ የሌለው ነው። የደጋውን ባለ ሻኛ በሬ የለመደ ገዢ በገበያ ቢያየው ሊንቀው ይችላል። ነገር ግን የቆላ ዝንብ የሚያመጣውን የገንዲ በሽታ የመቋቋም ችሎታው በእንስሳት ሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነው። ከሌላ ዘር ጋር እየተደባለቀ ቍጥሩ መመናመኑ የሚያሳዝነውም ስለዚህ ነው። ዐይን ብቻውን ቢፈርድ ይህን ከብት ያጠፋዋል፤ የተማረ ዐይን ግን ያድነዋል።

እንግዲህ ከታሪኩ ሁሉ የምናገኘው ትምህርት ይህ ነው። በቀድሞው ገበያ ዐይን ብሩን ሲመረምር «እውነተኛ ነህን?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ዛሬ ሰብሳቢው «ያማርህ ነህን?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄዎቹ የተለያዩ ቢመስሉም ሥራቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም የሚፈልጉት ያልተነካ ፊት ነው። የገንዘብ ፊት የኑሮው ምስክር ነውና ፊቱን ያበላሸ ሰው ምስክሩን አጠፋ ማለት ነው።

ይህን የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። ከእኛ ከከተማ ሠራተኞች ብዙዎቻችን ለዓመት በዓል ወደ ትውልድ አገራችን ስንሄድ ከወላጆቻችን ሣጥን ውስጥ አሮጌ ብር እናገኛለን። ጠቍሮ ስናየው ቆሻሻ መስሎን በአመድ፣ በሎሚና በአሸዋ እናሸዋለን። ብሩ ያበራል፤ እኛም ደስ ይለናል። ሆኖም ያ ብርሃን የሐሰት ብርሃን ነው። አሸዋው ከማተሚያው የወረደውን የመጀመሪያ ፊቱን ጠርጎ በምትኩ እልፍ ጭረት ይተውበታል። መርማሪዎቹም ድርጅቶች እንዲህ ያለውን ብር «ታጥቧል» ብለው ጽፈው ሙሉ ደረጃ ይነፍጉታል። በአንድ ሰዓት መፈተግ የመቶ ዓመት ታሪክ ይጠፋል፤ ዋጋውም አብሮ ይወርዳል።

ስለዚህ አሮጌ ብር ያለው ሰው አይፈትገው፤ አይብሳው፤ ጆሮ አያስበጅለት። በጠርዙ ይያዘው እንጂ ፊቱን በጣቱ አይንካው። እርጥበት በማይገባበት ደረቅ ስፍራ፣ በንጹሕ ወረቀት ጠቅልሎ ያስቀምጠው። ቀድሞውኑ ተበስቶ በእናት ወይም በአያት አንገት ላይ የኖረውንም ብር አይናቀው፤ በሰብሳቢ ዘንድ ደረጃው ዝቅ ቢልም እርሱ ደግሞ የቤተ ሰብ ምስክር ነው። ማን እንዳጠለቀው፣ በስንት ጆንያ ቡና እንደ ተገኘ፣ በየትኛው ገበያ እንደ ተቀበሉት ከሽማግሌዎች ጠይቆ በወረቀት ይጻፍለት። ያለ ታሪክ የተቀመጠ ብር ብረት ብቻ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ እንጨምር። 1780 የሚል ቍጥር ስላየ ብቻ «ብሬ ከ200 ዓመት በላይ ነው» ብሎ የሚጓጓ ሰው አይታለል። ይህ ብር በዚሁ ዓመት ስም በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብራስልስና በቦምቤይ ሳይቀር ታትሟል፤ ንግሥቲቱ ከሞተች ወዲህ የታተመው ቍጥር ከ300 ሚሊዮን በላይ ነው፤ በቪየናም ዛሬ ድረስ ይታተማል። የትኛው የትና መቼ እንደ ታተመ የሚለየው በዕንቍው አቀማመጥ፣ በንስሩ ላባና በፊደሉ አጣጣል ነው። አያቶቻችን ዕንቍ የቈጠሩበት ያ ጥንቃቄ ዛሬም የሊቃውንት መሣሪያ ሆኖ ያገለግላል ማለት ነው።

በመሥሪያ ቤት የምንውል ሰዎች ብዙ ነገር በቍጥር፣ በደረጃና በማኅተም ይቀርብልናል። ቍጥር ጥሩ ነገር ነው፤ አድልዎን ይቀንሳል፣ ክርክርን ያሳጥራል። ዳሩ ግን ቍጥሩን የጻፈው ሰው ያላየውን ነገር የምናየው ራሳችን ዕቃውን አንሥተን ስናገላብጥ ነው። ያለ ሚዛንና ያለ መጽሐፍ በጫካው ዳር ገበያ ቆሞ ዘጠኙን ዕንቍ የቈጠረው ባለቡና ይህን ያውቅ ነበር። ዐይኑን ያሠለጠነው ችግር ነው፤ እኛ ደግሞ ዕውቀት አለንና በዕውቀት እናሠልጥነው። በየሣጥናችን ያሉትም ብሮች ፊታቸው ሳይነካ ለልጅ ልጅ ይድረሱ።